ፊትህን አዙር

ስሜን አልነግራችሁም። ንቀት እንዳይመስላችሁ። በከተማችን ስሜን የሚጠራ ሰው ከጠፋ አሥራ አራት ወር ሆኖታል፤ እኔም አብሬ መተዉን ለምጄዋለሁ። የአክስት ዱልሲ ልጅ ከእኔ ጋር ሞክሼ ነበር። ሲሞት ስሙም አብሮት ተቀበረ። እዚህ የሞተ ሰው ስሙ አይጠራም፣ ምስሉ አይታይም፣ ድምፁም አይሰማም፤ ቤተሰቡ ይበቃል እስኪል ድረስ። ሞክሼ ካለው ደግሞ እሱም ስሙን ይተውና «ኩማንጃይ» ይባላል፤ ስሙ የማይነሳ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ እኔ የኩሊባ ዌል ከተማ ፊልም አዳራሽ ጠባቂ፣ ትኬት ቆራጭ፣ ፊልም አሳይና ወለል ጠራጊ፣ በስልሳ ሦስት ዓመቴ ኩማንጃይ ሆኜ ቀረሁ። ፖስታ ቤት እንኳን ልጅቷ የተጻፈውን ስሜን በዓይኗ ታይና «ኩማንጃይ፣ እዚህ ጋ ፈርም» ትለኛለች።

ልጁ ስሜን የወሰደው በአጋጣሚ አልነበረም። ከሃያ አራት ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዱልሲ ሆዷ ገፍቶ የፊት ረድፍ ላይ ተቀምጣ ፊልም ስታይ ምጥ ያዛት። ወንድሟ ኧርኒ ደረጃውን እየሮጠ ወጥቶ ነገረኝ። ፊልሙን አቁሜ መብራት አበራሁ።

«አጥፋው መብራቱን» አለችኝ፣ የወንበሩን እጀታ ጨብጣ።

«ሴትዮ፣ እየወለድሽ እኮ ነው።»

«ገዳዩን ሳላውቅ የትም አልሄድም። ልጁ ይጠብቅ። እናትህ ሥራ ላይ ናት በለው።»

ልጁ አሥራ ሰባት ደቂቃ ጠበቀ። ከዚያ በእኔ መኪና ሆስፒታል አደረስናት፤ ገና በሩን ሳናልፍ ወለደች። ስሜንም ሰጠችው። ለምን ብዬ ስጠይቃት «ፊልሙን ጀምረህ ስለጨረስክልኝ ነዋ። ባሌ ጀምሮ የጨረሰው ነገር የለም» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ባሏ ወደ ደቡብ ሄዶ እንደወጣ ቀርቷል።

ዱልሲ ሠላሳ ዓመት በሆስፒታሉ የልብስ እጥበት ክፍል ሠርታለች። አጭር፣ ወፍራም፣ ሳቋ ከሰውነቷ የሚበልጥ ሴት ናት። በዕድሜ ብበልጣትም እኔም እንደ ከተማው ሰው ሁሉ አክስት ዱልሲ ነው የምላት። ስለ ፊልም አንድ ሕግ ነበራት፤ ምንም ሳያውቁ መግባት። ርዕሱን፣ ተዋናዩን፣ ያስቅ ያስለቅስ እንደሆነ፣ ምንም። ፖስተሩን በሆስፒታሉ አሮጌ አንሶላ እሸፍንላት ነበር፤ አንሶላውን ጠርዙን ሰፍታ ያመጣችልኝ ራሷ ናት። ቅዳሜ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ውጪው አስፋልት እንደ ምጣድ ሲግል፣ ሁለት እጇን ጆሮዋ ላይ ከድና ትገባለች። እኔ ዘንድ ስትደርስ አንድ እጇን ታነሳና በጣቷ አየር ላይ ክብ ትሠራለች።

«ፊትህን አዙር።»

ፊቴ ያሳብቃል ባይ ናት። «ያ ሰውዬ ፊቱ ጋዜጣ ነው» ትላለች ለሰው። «ባለፈው ትኬቴን ሲቆርጥ ዓይኑን ባየሁት ጊዜ ባልየው እንደሚሞት አወቅሁ።» ስለዚህ እኔ ግድግዳውን እያየሁ፣ እጄን ወደ ኋላ ዘርግቼ ትኬት ስቆርጥላት ኖርኩ። መጀመሪያ ሰው ይስቅብኝ ነበር። ኋላ ከተማው ሁሉ ለመደና የቅዳሜው ፊልም «የዱልሲ ቅዳሜ» ተባለ። ምን እንደሚታይ የሚጠይቅ የለም፤ የሚናገርም የለም። እሷ የምትወደው ደግሞ ያንን አእምሮን የሚያዞረውን ዓይነት ነው፣ ማን እብድ ማን ጤነኛ እንደሆነ እስከ መጨረሻው የማይታወቅበትን።

አንድ ቀን «አለማወቁ ምን ይጠቅምሻል?» አልኳት።

«የእኔ ሥራ አንሶላ ነው» አለችኝ። «አንሶላ ይናገራል። ማን እንደወለደች፣ ማን እንደጨነገፈባት፣ ማን እንዳልነጋለት፣ ዘመድ ሳይሰማ በፊት እኔ አውቃለሁ። ገበያ ላይ የሰውየውን ሚስት አገኛትና ሰላም ብያት አልፋለሁ፤ እኔ አውቄ እሷ ሳታውቅ። ሳምንቱን ሙሉ ሁሉን አስቀድሜ ሳውቅ ነው የምውለው። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ብቻ ምንም የማላውቅ ሰው ልሁን።»

ከዚያ ወዲህ «ፊትህን አዙር» ስትለኝ ቀልጄባት አላውቅም።

እጥበት ክፍሉ ውስጥ የተበጠሱ ቁልፎችን የምታጠራቅምበት ቆርቆሮ ነበራት። የልጇ ሸሚዝ ላይ ቁልፍ ሲበጠስ ከዚያ ያገኘችውን ትተክላለች፤ መልኩ ይግጠም አይግጠም ግድ የላትም። አንድ ሰማያዊ ሸሚዝ ነበረው፣ ሦስተኛው ቁልፍ ከሴት ካፖርት የወጣ ቀይ። ጓደኞቹ «የትራፊክ መብራት» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እሱም «እናቴ ቁም ስትለኝ እንድቆም ነው» ይላቸዋል። ሸሚዙን ግን አላወለቀውም።

ከሁለት ዓመት በፊት ልጁ ለእናቱ አጥር ሥራ አገኘሁ ብሏት ለሦስት ሳምንት ወደ ሰሜን ሄደ። ሲመለስ አዳራሽ መጣና ወንበር ሳነባብር አገኘኝ።

«ሞክሼ» አለኝ፣ ጥርሱን እያሳየ። «አንድ ቅዳሜ እናቴን በዚህ አዳራሽ አስደነግጣታለሁ። የዚያን ቀን ፊትህን ጥሩ አድርገህ አዙር።»

«ምን ልታደርግ? ጣሪያ ላይ ልትወጣ ነው?»

«ከነገርኩህማ ፊትህ ይነግራታል።»

ስቆ ሄደ። የልጅ ነገር ብዬ ረሳሁት። ምነው ባልረሳሁት።

አንድ ሐሙስ ከከተማ መውጫው ላይ መኪናው ተገለበጠ። ዱልሲ ሥራ ላይ ነበረች። ከድንገተኛ ክፍል የአንሶላ ጥቅል ወደ እጥበት ክፍሉ ወረደ፤ እሷም እንደ ሁልጊዜው ፈታችው። መሃሉ ላይ ማንም ሳያየው የተጠቀለለ ሰማያዊ ሸሚዝ ነበር፣ ከአንገትጌው እስከ ታች በመቀስ የተቀደደ። ሐኪሙ ሊነግራት ሲወርድ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሸሚዙን ታቅፋ አገኛት። ቀዩን ቁልፍ በአውራ ጣቷ ታሸው ነበር አሉ። እኔ አላየሁም። አላየሁም ግን በየቀኑ አየዋለሁ።

በዱልሲ ወገኖች፣ በአገሩ ነባር ሕዝብ ዘንድ፣ ልጅ የሞተባት እናት አፏን ትዘጋለች። ወሬዋ፣ ጥያቄዋ፣ ቁጣዋ ሁሉ በእጅ ነው፤ ሴቶቹ ጣቶቻቸው ከምላስ ይፈጥናሉ። ከተማው ውስጥ ስለኖርኩ እኔም አብዛኛውን ምልክት አውቃለሁ። ዱልሲ አሥራ ሦስት ወር አልተናገረችም፤ ፊልምም አላየችም። የፊት ረድፍ ወንበሯ ላይ ማንም አልተቀመጠም፣ ከሩቅ የመጣ ሾፌር እንኳን ሊቀመጥ ሲል ሰው ይነሳና ያዛውረዋል። በመጨረሻ ኧርኒና ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው አንደበቷን ፈቱላት። የልጁ ስምና ምስል ግን ገና አልተፈታም።

«ቅዳሜ ትመጣለች» አለኝ ኧርኒ። «ደህና ፊልም አዘጋጅ። የምትወደውን ዓይነት።»

ፊልም አከፋፋዮቹ ከሚልኩልኝ ዝርዝር ውስጥ አንድ አዲስ መረጥኩ። አንዲት ሴት እህቷን ፍለጋ በረሃ ውስጥ ትነዳለች፣ ማንም ሰው እህትሽን አላየናትም ይላታል፤ ይህን ብቻ ነበር የማውቀው። ቅዳሜ ጠዋት ድምፁንና መብራቱን ልፈትን መጀመሪያውን ብቻ ከፈትኩ። ከምስሉ በፊት ጽሑፍ መጣ፤ ፊልሙ በሕይወት የሌሉ ሰዎችን ምስልና ድምፅ ሊይዝ ይችላል የሚል። ይህ ጽሑፍ በብዙ ፊልም ላይ አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኧርኒን ጠርቼ አሳየዋለሁ፤ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው። የዚያን ቀን ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። ከአሥራ ሦስት ወር በኋላ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ መጀመሪያ የምታነበው ስለ ሞት ይሁን? ደግሞስ ምንም አታሳውቀኝ ስትለኝ የኖረች ሴት አይደለችም? ማሽኑ ከጽሑፉ በኋላ እንዲጀምር አስተካከልኩት። ሻይ ጠጣሁ። በሥራዬም ደስ አለኝ።

መጣች። እጆቿ ጆሮዎቿ ላይ ነበሩ። እፊቴ ስትደርስ ጣቷ አየር ላይ ዞረ።

«ፊትህን አዙር።»

ድምፅዋን ከሰማሁ አሥራ ሦስት ወር ሆኖኛል። ግድግዳውን እያየሁ አለቀስኩ፤ ደግነቱ ፊቴን አዙሬ ነበር።

አርባ ያህል ሰው ገባ። ፊልሙ ሃያ ደቂቃ እንደሄደ ሴትዮዋ በረሃ መሃል አንድ ማደያ ደረሰች። አንድ ልጅ የቤንዚን ቱቦ ይዞ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። የእህቷን ፎቶ አሳየችው። ልጁ ዞረ።

«አይቻታለሁ» አለ። «ውሃ ጠይቃኝ ነበር።»

ምን ልበላችሁ። እሱ ነበር። ከእነ ጥርሱ፣ ከእነ ሳቁ፣ ከእነ ሰማያዊ ሸሚዙ። አጥር ሥራ ያላት ይህን ነበር። ጣሪያ ላይ ልትወጣ ነው ወይ ያልኩት ያኔ ትዝ አለኝ። ፊልም ሠሪዎቹም መሞቱን ሰምተው ነበር ማለት ነው፣ ጽሑፉን ያስቀመጡት ለእኛ ነበር፣ እኔ ነኝ የዘለልኩት።

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ ለቅሶ ከዚህም ከዚያም ተነሳ። ኧርኒ ወንበር ላይ ቆሞ ባርኔጣውን በማሽኑ መብራት ፊት ዘረጋ፤ የልጁ ፊት ያለበት ቦታ ላይ ጥቁር የባርኔጣ ጥላ ዋለ። እኔ ወደ ማሽኑ ክፍል ሮጥኩ፤ ሩጫ ከተባለ። የማሽኑን መብራት ቶሎ አጠፋሁ። ድምፁ ግን በሌላ ሳጥን ነው፤ በጨለማ ማጥፊያውን ስፈልግ ድምፁ ቀጠለ። ጨለማ አዳራሽ ውስጥ፣ ከለቅሶው በላይ፣ የማደያው ባለቤት ጎርናና ድምፅ ተሰማ፤

«ምን ዓይነት ልጅ? ይህ ማደያ ከደረቀ ዓመታት አልፈዋል። እዚህ ልጅ ኖሮ አያውቅም።»

ከዚያ አገኘሁትና ጸጥ አለ። መብራት ሳበራ ዱልሲ ወንበሯ ላይ ነበረች፤ ዓይኗን ጨፍና፣ አፏን በእጇ ይዛ። ሴቶቹ ደግፈው አወጧት። ወርጄ በሩ ላይ ቆምኩ፤ እፊቴ ስታልፍ ጣቷ አልዞረም።

እሑድ ማንም አልመጣብኝም። ቢመጡብኝ ይሻል ነበር። ሰኞ ጠዋት ኧርኒ መጥቶ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ጽሑፍ አልነበረውም?»

«ነበረው። ዘለልኩት። ለእሷ ብዬ።»

«ለእሷ ብለህ» አለ ቀስ ብሎ፣ አፉ ውስጥ እንደሚቀምሰው። አልተቆጣም። «ፊልሙ ይሂድ። ዳግመኛ እዚህ አይታይም።»

«ረቡዕ ፊልሙን የሚከፍተው ኮድ ያበቃል፣ ከዚያ በኋላ እኔም ልክፈተው ብል አይከፈትም።»

«አንደበቷን መልሳ ዘግታለች። ከቅዳሜ ጀምሮ እጇ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀው። እኔ ልመልስላት አልችልም። ና።»

በረንዳዋ ላይ ምንጣፍ ዘርግታ ተቀምጣለች። ፀጉሯን በሐዘን ቆርጣዋለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት በመዳፏ ዝም በል አለችኝ። ከዚያ እጆቿ ተነሱ። ያ ሰው፣ አሉ። ባለማደያው። እዚህ ልጅ የለም ያለው። እውነቱን ነው ወይስ ዋሽቶ?

«አላውቅም፣ አክስት ዱልሲ። እኔም እስከዚያ ብቻ ነው የሰማሁት።»

እጆቿ ቀጠሉ። እየው። እስከ መጨረሻው። መጨረሻውን ንገረኝ።

ሠላሳ ዓመት ጆሮዋን ይዛ የገባች ሴት ናት እንዲህ የምትለኝ። ኧርኒን ቀና ብዬ አየሁት።

«እኔ ብቻዬን ባየው ነውር ይሆናል?»

ኧርኒ መንገዱን እያየ ነበር። «እኔ የሰማሁት ነገር የለም» አለ።

ማክሰኞ ጠዋት የአዳራሹን በር ከውስጥ ቆልፌ፣ ብቻዬን፣ ከእሷ ወንበር ሁለት ረድፍ ወደ ኋላ ተቀምጬ አየሁት። እስከ መጨረሻው፣ ልጁ የሆነ በር ከፍቶ ይወጣል እያልኩ። ሴትዮዋ ወደ ማደያው ተመልሳ ትፈልገዋለች። ፖሊስ ታመጣለች። ስትጮህ፣ አይቻታለሁ ብሎኛል ስትል፣ ሰዎቹ በሐዘኔታ ያዩዋታል። በመጨረሻ እውነቱ ይወጣል። ልጅ አልነበረም። ቱቦው አቧራ ለብሶ ተሰቅሏል። እህቷ ከሞተች ቆይታለች፤ ሴትዮዋ መቀበል ስላቃታት አይቻታለሁ የሚላት ሰው ከራሷ ፈጥራ ነው። ፊልሙ በዚያ አለቀ። አዳራሹ ውስጥ ተቀምጬ በዚያ በማላውቀው ደራሲ ላይ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ከአገሩ ልጅ ሁሉ መርጦ ይህን ልጅ ነው አልነበረም የሚለው?

ከዚያ ወደ ኋላ መልሼ እሱ ያለበትን ብቻ አየሁ። ሦስቴ አየሁት። ነውር ከሆነ ነውሩ የእኔ ነው።

ከሰዓት ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የማወራውን ስቀምር ነበር። ኧርኒ ሲያየኝ ተነስቶ እንጨት ፍለጋ ይመስል ወደ ጓሮ ሄደ። ዱልሲ ጥቁር ሻይ ሰጠችኝ። አልጠጣሁትም።

«ዋሽቶ ነው» አልኳት። «ባለማደያው ውሸታም ነው። መጨረሻ ላይ ልጁን ያገኙታል። ደህና ነው። እዚያው ነበር።»

ዓይኔን ሻይዬ ላይ ተክዬ ነበር የማወራው። እጇ መጣ። አገጬን ያዘችና ፊቴን ወደ ራሷ አዞረችው። እጇ ሻካራ ነው፣ ሠላሳ ዓመት የሳሙና እጅ። ለረጅም ጊዜ አየችኝ። እኔም ላሸሸው ብፈልግ ፊቴ የት ይሄዳል?

«ፊልሙ ልጁ አልነበረም ነው የሚለው» አልኳት። «ሴትዮዋ ከሐዘኗ ብዛት የፈጠረችው ነው ይላል።»

አገጬን ለቀቀችው። አላለቀሰችም። መሬቱን አየች፤ ጉንዳኖች ከምንጣፉ ጠርዝ የዳቦ ፍርፋሪ ይጎትታሉ። ከዚያ እጇ ደረቷ ላይ ወጣ፤ በሁለት ጣቷ ከአንገቷ ወደ ታች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ ነካካች። ሦስተኛው ላይ አቆመች።

«አዎ» አልኳት። «ቀይ ነው። በደንብ ይታያል። ወደ ካሜራው ሲዞር ፀሐይ አርፎበታል።»

እጇ እዚያው ነው። በሌላው እጇ ከአንገትጌዋ እስከ ሆዷ ቀጥ ያለ መስመር አወረደች፣ በመቀስ እንደሚቀድ። ዓይኗ ፊቴ ላይ ነበር።

የምትጠይቀኝ ገባኝ።

«ሙሉ ነው» አልኩ። «ሸሚዙ ሙሉ ነው፣ አክስት ዱልሲ። አንድም ቦታ አልተቀደደም። እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦታል። ንጹሕ ነው፣ የተተኮሰ። አንቺ ነሽ የተኮስሽው።»

አሁን ፊቴን አላዞርኩም፤ እንድታነበው ተውኩላት። እስክትጨርስ አነበበችው። ከዚያ ጣቷ ቀስ ብሎ ተነሳና አየር ላይ ክብ ሠራ፤ እንደ ቅዳሜው።

ዞርኩ። የቤቷን ግድግዳ እያየሁ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ ስታለቅስ ሰማሁ፤ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ኋላ ግን ጎረቤት እንዲሰማ። እስክትጠራኝ ድረስ አልዞርኩም።